ካቢን ተከራይቶ ከቤተሰብ ጋር ማረፍ፣ ኪስ ሳይጎዳ

ዲሲ አካባቢ ለምንኖር ሰዎች ትምህርት ቤት ሲዘጋ የሚመጣው ጭንቀት ይታወቃል። ልጆቹ የሆነ ቦታ መሄድ ይፈልጋሉ። ውቅያኖስ ዳር ሆቴል ልያዝ ብትሉ ለአምስት ስድስት ሰው ሁለት ክፍል ነው፣ በዚያ ላይ በቀን ሦስቴ ውጭ መብላት አለ። እኛ ቤት ይሄን የፈታልን የቨርጂኒያ ስቴት ፓርኮች (ግዛቱ የሚያስተዳድራቸው የተፈጥሮ ፓርኮች) ካቢን፣ ማለትም ፓርኩ ውስጥ የሚከራይ ትንሽ ቤት ነው።

መጀመሪያ የምትከራዩትን ዓይነት ለዩ። ሙሉው ካቢን ኩሽና፣ መታጠቢያ ቤት፣ ድስትና ሳህን፣ አንሶላና ፎጣ አለው። «ካምፒንግ ካቢን» የሚባለው ግን አልጋና ጣሪያ ብቻ ነው፤ ሽንት ቤቱ ውጭ፣ የጋራ ነው። ዋጋው ስለረከሰ ብቻ አትያዙት። ሕፃን ወይም አዛውንት ካለ ለሙሉው መክፈል ይሻላል፣ ምክንያቱም ገንዘቡን የምታተርፉት ኩሽናው ውስጥ ነው። እንጀራውን፣ ቀይ ወጡን፣ አልጫውን ሠርታችሁ በኩለር ይዛችሁ ከሄዳችሁ ሦስት ቀን ሙሉ ምግብ ቤት አትገቡም። ሁለት ቤተሰብ ሆናችሁ ሰፊ ካቢን ብትካፈሉ ደግሞ ኪራዩ ለሁለት ይከፈላል፣ ልጆቹም ጓደኛ ያገኛሉ።

ቦታ መያዝ የሚቻለው ከ11 ወር በፊት ጀምሮ ነው። ለሐምሌ የምትፈልጉትን ነሐሴ ላይ ማየት ጀምሩ። ዘግይታችሁ ከሆነም ተስፋ አትቁረጡ፣ የሚሰርዝ ሰው አይጠፋም፣ የፓርኮቹን ድረ ገጽ ደጋግማችሁ ክፈቱ። በሰመር ከስንት ሌሊት በታች እንደማያከራዩም እዩ። ሥራችሁ ከፈቀደ የሚያዝያውን የትምህርት ዕረፍትና የጥቅምትን ዋጋም ከሰመሩ ጋር አስተያዩ።

የት? ከልጆች ጋር ለመጀመሪያ ጊዜ ከሆነ ዌስትሞርላንድን እመርጣለሁ። ፖቶማክ ወንዝ ዳር ነው፣ ከአሌክሳንድሪያ ሁለት ሰዓት ገደማ ቢነዱ ነው። ከ1936 ጀምሮ ክፍት የሆነ ፓርክ ነው። «ፎሲል ቢች» የምትባል ዳርቻ አለች፣ ልጆቹ አሸዋውን በወንፊት እየነፉ በሚሊዮን የሚቆጠር ዓመት ያስቆጠረ የሻርክ ጥርስ ይፈልጋሉ። ልጄ የጥፍር ያህል፣ ጥቁርና የሚያብረቀርቅ አንድ አግኝታ እስከ ማታ ከመዳፏ አልለቀቀችውም። ተራራ የምትወዱ ከሆነ ፍሮንት ሮያል አጠገብ ያለው የሸናንዶዋ ወንዝ ፓርክም ጥሩ ነው።

ሰዓቱን ለወላጆቻችሁ በደንብ ንገሩ። መግቢያው በአሜሪካ 4 ሰዓት፣ በኛ 10 ነው፤ መውጫው ደግሞ በአሜሪካ 10፣ በኛ ጠዋት 4። ቁጥሩ ስለሚገለባበጥ ያደናግራል።

ቡናውን ቤት ቆልታችሁ ሂዱ። መጀመሪያ የሄድን ጊዜ እናቴ ካቢኑ ውስጥ ስትቆላ የጭስ ማንቂያው ጮኸና ትንሿ ልጅ በድንጋጤ አለቀሰች። አሁን ጀበናውን ምድጃ ላይ እንጥዳለን፣ ስኒውን በረንዳ ላይ እንዘረጋለን። እናቴን ዕጣን ሲያምራት ማታ ውጭ ከምናነደው እሳት ፍም እናወጣላታለን። በረንዳው ላይ ግን ከሰል አታቀጣጥሉ፣ እንጨት ነው።

ማገዶ ከቤት ጭናችሁ አትሂዱ። በእንጨት ውስጥ ተደብቀው የሚጓዙ ነፍሳት አሉ፣ ከእስያ የመጣች አንዲት አረንጓዴ ጥንዚዛ ብቻዋን አሜሪካ ውስጥ በሚሊዮን የሚቆጠር ዛፍ ጨርሳለች። እዚያው ፓርኩ አካባቢ ግዙ።

ስልክ በብዙ ቦታ አይሠራም፣ ካርታውን ቀድማችሁ አውርዱ። ምግብ ውጭ አታሳድሩ፣ በተራራው በኩል ድብ አለ። ከሁሉ በላይ ደግሞ መዥገር። «ላይም» (Lyme) የተባለውን በሽታ የምታስተላልፈው ዓይነት ገና ጩጬ ስትሆን የጤፍ ፍሬ ታህል ናት፣ በዓይን ለማየት ታስቸግራለች። ማታ ማታ ልጆቹን ስታጥቡ ከጆሮ ጀርባ፣ ብብት፣ ከጉልበት ኋላና ፀጉር ውስጥ በጣታችሁ ዳብሱ። ካገኛችሁ በወረንጦ ከቆዳው አጠገብ ይዛችሁ ቀጥ አድርጋችሁ ሳቡ፤ ቅቤም ክብሪትም አያስፈልግም።