የሸራ ጀልባ ጠባይ እንዴት ይፈተሻል?

የሸራ ጀልባ ልትገዙ ከሆነ ባለቤቱ «በጣም ጥሩ ናት» ስላላችሁ ብቻ አትመኑ። መሪውን ራሳችሁ ያዙት! መካከለኛ ነፋስ ባለበት ቀን፣ ሸራውን ጠበቅ አድርጋችሁ ወደ ነፋሱ መምጫ እየተጠጋችሁ ስትጓዙ፣ ለአፍታ መሪውን ልቀቁት። አፍንጫዋ ቀስ ብሎ ወደ ነፋሱ ከዞረ ደስ ይበላችሁ፤ መሪው ከእጃችሁ ቢያመልጥ እንኳ ነፋሱን ፊት ለፊት ገጥማ ፍጥነቷ ይበርዳል። ከነፋሱ ከሸሸች ግን አደገኛ ነው። ምሰሶውን ትንሽ ወደ ኋላ ማዘንበል ብዙ ጊዜ ያስተካክለዋል። መሪው ክንድ የሚያዝል ከሆነ ደግሞ ዋናውን ሸራ በከፊል እጠፉት።

ስለ መጋደል፣ ማለትም ጀልባዋ በነፋስ ወደ ጎን ስለ ማዘንበሏ ስትጠይቁ፣ የእንግሊዝኛ ተናጋሪ መርከበኞች እምብዛም የማትጋደለዋን «ግትር»፣ ቶሎ የምትጋደለዋን «ለስላሳ» ይሏታል። ለስላሳ ስለሆነች ብቻ አትናቋት፤ ጠባብ ሆና ከሥር ከባድ ክብደት ያላት ጀልባ ቶሎ ታጋድልና ከዚያ በኋላ ጸንታ ትቆማለች።