ውሻዎ ሲጠሩት እንዲመጣ ማስተማር

ለቡችላም ለትልቅ ውሻም ከሁሉ የሚቀድመው ትእዛዝ «ና» ነው። ጣና ዳር ሲሆን ደግሞ የሕይወት ጉዳይ ይሆናል፤ ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት አካባቢ ጉማሬ አለ፣ በከተማው መንገድም ባጃጅና ብስክሌት ይበዛል።

ቡችላ ከ8 ሳምንቱ ጀምሮ መማር ይችላል። ግቢ ውስጥ፣ ጸጥ ባለ ሰዓት ይጀምሩ። የተቀቀለ ሥጋ በሽምብራ ፍሬ ልክ ቆራርጠው ይያዙ፤ ከወጥ የወጣ አይሁን፣ ሽንኩርት ለውሻ መርዝ ነው። ሁለት እርምጃ ርቀው ቁጢጥ ይበሉና ስሙን ጠርተው አንዴ ብቻ «ና» ይበሉት። እንደደረሰ መጀመሪያ የአንገት ማሰሪያውን ያዝ ያድርጉ፣ ከዚያ ሥጋውን ይስጡት። ይህን ከዘለሉ ሥጋውን ነጥቆ መሸሽ ይለምዳል። ከ3 እስከ 5 ደቂቃ፣ በቀን 3 ጊዜ ይበቃል።

ውጭ ሲወጡ 5 ሜትር ገመድ ይሰሩለት። ካልመጣ ጥሪውን አይደጋግሙ፤ ደጋግመው የሚጠሩት ውሻ ቃሉን ከቁም ነገር አይቆጥረውም። ገመዱን በቀስታ እየሳቡ ወደ ኋላ ይሂዱ፣ ሲደርስ ይሸልሙት።

ብዙ ሰው የሚያበላሸው ጠርቶ ሲመታ ወይም ጠርቶ በሰንሰለት ሲያስር ነው። ውሻው መምጣትን ከቅጣት ጋር ያያይዘዋል። ታስሮ ያደገ ትልቅ ውሻ ይህ ፍርሃት ስላለበት አዲስ ቃል፣ ለምሳሌ «ወዲህ»፣ ይምረጡለት፤ አብዛኛውን ጊዜም ሸልመው መልሰው ይልቀቁት።

የባሕር ዳር የቀትር አስፋልት መዳፉን ያቃጥላል፤ በማለዳ ወይም ከ11 ሰዓት በኋላ ያውጡት። የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ሳይወስድ ግን ወደ ሐይቁ ዳር አይውሰዱት።