ደንጊ የያዘውን ሰው እንዴት እናስታምም? ትኩሳቱ ሲበርድ አትዘናጉ

ትንኝ የምታስተላልፈው የቫይረስ ሕመም ደንጊ በ2006 ዓ.ም. ድሬዳዋ ላይ ከታየ ወዲህ በቆላማ አካባቢዎቻችን ደጋግሞ ተነስቷል። ድንገተኛ ኃይለኛ ትኩሳት፣ ራስ ምታት፣ ከዓይን ጀርባ የሚሰማ ሕመም፣ ቁርጥማትና ሽፍታ ዋና ምልክቶቹ ናቸው። ቫይረሱን የሚገድል መድኃኒት የለም፤ ሰው የሚተርፈው በጥንቃቄ ሲያስታምሙት ነው።

መጀመሪያ የወባ ምርመራ። ወባ ቶሎ ይገድላል፤ መድኃኒትም አለው። ወባ ካልተገኘ ደንጊ እንዲመረመር ጠይቁ። በመጀመሪያዎቹ አምስት ቀናት በደም ውስጥ የቫይረሱ ፕሮቲን (ኤንኤስ1)፣ ከዚያ በኋላ ሰውነት ቫይረሱን ለመከላከል የሚሠራው ፀረ እንግዳ አካል ይታያል።

ትኩሳቱ የጀመረበትን ቀን ጻፉ። ቀን ቆጠራው በኋላ ወሳኝ ይሆናል።

ለትኩሳቱ ፓራሲታሞል ብቻ። ለአዋቂ ባለ 500 ሚሊግራም አንድ ወይም ሁለት ፍሬ በየስድስት ሰዓቱ፤ በ24 ሰዓት ከስምንት ፍሬ አይለፍ። የጉበት ሕመም ያለበት ሐኪም ያማክር። ለሕፃን በአንድ ጊዜ የሚሰጠው በሰውነቱ ክብደት በኪሎ ከ10 እስከ 15 ሚሊግራም ነው። አይቡፕሮፌን፣ ዳይክሎፌናክና አስፕሪን ደም መፍሰስን ያባብሳሉ። «ቁርጥማቱን ያስታግስልኝ» ብሎ የዳይክሎፌናክ መርፌ መወጋት በተለይ አደገኛ ነው።

ፈሳሽ ሳያቋርጡ ስጡ። አንድ ከረጢት ኦአርኤስ (በውሃ የሚበጠበጥ የጨውና የስኳር ዱቄት) በአንድ ሊትር ፈልቶ በቀዘቀዘ ውሃ በጥብጡ፤ 24 ሰዓት ካለፈው ድፉት። አጥሚትና ሾርባም ይጠቅማል። የሚያስመልሰው ከሆነ በማንኪያ ጥቂት በጥቂት። የቀይ ሥር ጁስ ግን ይቅር፤ ሲያስመልሰው ደም ይሁን ጁስ መለየት ያስቸግራል። በስድስት ሰዓት ውስጥ አንዴ እንኳ ካልሸና ሐኪም ቤት ውሰዱት።

ከሦስተኛው እስከ ሰባተኛው ቀን ዓይናችሁን አትንቀሉ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ትኩሳቱ ሲወርድ «ተመስገን፣ ዳነ» ተብሎ ክትትሉ ይቆማል። በአንዳንድ ሕመምተኞች ግን ልክ በዚያን ጊዜ የደሙ ውሃ ከደም ሥር ወደ ሆድና ደረት መስረግ ይጀምራል፤ የደም ግፊት ይወርዳል። አደገኛው ጊዜ ከ24 እስከ 48 ሰዓት ይቆያል። ኃይለኛ የሆድ ሕመም፣ የማያቋርጥ ትውከት፣ የድድ ወይም የአፍንጫ ደም፣ ጥቁር ሰገራ፣ መቁነጥነጥ ወይም መፍዘዝ፣ ቶሎ ቶሎ መተንፈስ ከታየ፣ እጅና እግሩ ቀዝቅዞ ላብ ካሰመጠው ሌሊትም ቢሆን ሆስፒታል ይድረስ፤ እስኪነጋ አትጠብቁ። ቀድሞ ደንጊ ይዞት የሚያውቅ ሰው የበለጠ ያሰጋዋል፤ ቫይረሱ አራት ዓይነት ስለሆነ በሌላው ዓይነት ሲያዝ ሊጠናበት ይችላል።

ቤተሰቡን ጠብቁ። ሕመምተኛው ቀንም አጎበር ውስጥ ይተኛ፤ በሽታውን ከእሱ ወደ ሌላ ሰው የምታስተላልፈው ትንኝ የምትናከሰው በቀን ነው። የምትራባውም ለመጠጥና ለእጥበት ባጠራቀምነው ውሃ ውስጥ ነው። በርሜሉን በየሳምንቱ መድፋት ብቻ አይበቃም፤ እንቁላሏ ከውሃው ወለል ከፍ ብሎ ግድግዳው ላይ ይጣበቃል፣ ደርቆም ወራት ይቆያል። ውስጡን በብሩሽ ፈትጉ፣ በተለይ ውሃው ይደርስበት የነበረውን መስመር፤ ከዚያ ሞልታችሁ አጥብቃችሁ ክደኑ።