ከፕላስቲክ ጠርሙስና ከጋዜጣ፣ ጭነት የተሸከመ አህያ ከልጆች ጋር እንዴት ይሰራል?

በቡራዩም ሆነ በሱሉልታ በኩል፣ በአዲስ አበባ ዳርቻ የሚያድግ ልጅ አህያን በደንብ ያውቃል። ጭድ ወይም ጀሪካን ተሸክሞ በደጁ ሲያልፍ ያየዋል። ለመጀመሪያ ቅርጽ አህያን የምንመርጠው ለዚህ ነው፤ ጆሮው ቢያጥር ወይም አንገቱ ቢቀጥን ልጁ ማንም ሳይነግረው ያስተውላል። ሥራው ከ6 ዓመት ጀምሮ ላሉ ልጆች ይሆናል።

ቆራሌው ከመምጣቱ በፊት እነዚህን ለዩ፦ 1 ሊትር የሚይዝ ፕላስቲክ ጠርሙስ (የለስላሳው ከውሃው ስለሚወፍር ይሻላል)፣ የሶፍት ውስጠኛ ካርቶን፣ 10 ገጽ ያህል ጋዜጣ፣ ፕላስተር፣ ቁራጭ ካርቶን፣ ጥቂት ቃጫና 2 ሜትር ተኩል ቀጭን ሽቦ። ቤት በሚሰራበት አካባቢ ብረት የሚታሰርበት ጥቁር ሽቦ በቂ ነው። የተባይ ማጥፊያ ዕቃ፣ የሞተ ባትሪ፣ መርፌና ጫፉ የተቆረጠ ቆርቆሮ ግን ልጆች እጅ አይግቡ።

1. አጽሙ። ሽቦውን በፒንሳ መቁረጥ የአዋቂ ሥራ ነው። 90 ሳንቲ ሜትር የሆኑ ሁለት ቁራጮችን እያንዳንዳቸውን ለሁለት አጥፋችሁ ግመዱ፤ 45 ሳንቲ ሜትር ይሆናሉ። ሹል ጫፋቸውን ወደ ውስጥ ቆልምሙ። ልጁ በየሽቦው ላይ አንድ ገጽ ጋዜጣ አጥብቆ ይጠቅልል። ከዚያ አንዱን ከጠርሙሱ ፊት፣ ሌላውን ከኋላ በጀርባው ላይ እንደ ኮርቻ አሳልፋችሁ በሁለቱም ጎን አውርዱና በፕላስተር እሰሩ። አራት እግር ወጣ ማለት ነው። ብዙ ሰው እግሩን ከሆድ ሥር ይለጥፋል፤ ወረቀቱ ሲርስ ክብደቱን አይችልምና እግሩ ይንበረከካል። ከጀርባ የወረደ እግር ግን ጭነትም ይችላል።

የቀረውን 70 ሳንቲ ሜትር ሽቦ አጥፋችሁ በጠርሙሱ አፍ ዙሪያ እሰሩ፣ ወደ ላይ ቀና አድርጉት፣ ጋዜጣ ጠቅልሉበት፤ ጫፉ ላይ የሶፍቱን ካርቶን ለጭንቅላት ሰኩ። የጠርሙሱን ክዳን በሚስማር ብሱት። ድፍን ከሆነ ውስጡ ያለው አየር ፀሐይ ላይ ይነፋል፣ ማታ በብርዱ ይኮማተራል፤ የደረቀው ወረቀትም ይሰነጠቃል።

2. ማጣበቂያው። 1 የሻይ ብርጭቆ ፉርኖ ዱቄት በ1 ብርጭቆ ቀዝቃዛ ውሃ እንዳይጓጉል በጥብጡ። 4 ብርጭቆ የፈላ ውሃ ላይ ጨምራችሁ 3 ደቂቃ ያህል አማስሉ፤ ከአጥሚት ትንሽ ወፈር ሲል አውርዱት። 1 የሾርባ ማንኪያ ጨው ሻጋታን ያዘገያል። ልጆች የሚነኩት ከቀዘቀዘ በኋላ ነው።

3. ማልበስ። ጋዜጣው በመቀስ ሳይሆን በእጅ፣ 3 ሳንቲ ሜትር ስፋት ባለው ረጅም ቁራጭ ይቀደድ። የተቀደደ ጠርዝ ስስ ስለሆነ ከሥሩ ካለው ጋር ይዋሃዳል፤ የተቆረጠው ግን ደርቆም መስመሩ ይታያል። ፕላስቲክ ስለሚያንሸራትት መጀመሪያ ጠርሙሱን በደረቅ ጋዜጣ ሸፍናችሁ በፕላስተር ያዙት። ልጁ ወረቀቱን ነክሮ ትርፉን በሁለት ጣት ይጭመቅ፣ ይለጥፍ። ጆሮዎቹን ከካርቶን ቆርጣችሁ አብራችሁ አልብሱ፤ ረጅም ይሁኑ።

ሦስት ድርብ ያስፈልጋል፤ አንዱ ሳይደርቅ ሌላው አይደረብም። አብዛኛው ሥራ የሚበላሸው እዚህ ነው። ልጆች ትምህርት ቤት ተዘግቶ ቤት የሚውሉት በክረምት ነው፤ ክረምት ደግሞ ምንም ነገር የማይደርቅበት ወቅት ነው። በበጋ ፀሐይ አንድ ቀን የሚበቃው ድርብ በሐምሌ ሦስት ቀን ሊፈልግ ይችላል። ከሥር አየር እንዲያገኝ አሮጌ ወንፊት ላይ አስቀምጡት፤ እንጀራ ከተጋገረ በኋላ ከምጣዱ አጠገብ (ላዩ ላይ ሳይሆን) አቆዩት። መድረቁን ለማወቅ ጉንጫችሁ ላይ አስነኩት፤ ከቀዘቀዛችሁ ውስጡ እርጥብ ነው። ሽታ ካመጣ ሻግቷልና ያን ድርብ ላጡት፤ ቀለም አያድነውም።

4. ቀለሙ። ከግድግዳ የተረፈ፣ በውሃ የሚቀጥን ነጭ ቀለም ከደቀቀ ከሰል ጋር ሲቀላቀል ትክክለኛው የአህያ ግራጫ ይወጣል። የቆየ ዘይት ቀለም አትጠቀሙ፤ ሊድ የሚባል መርዛማ ብረት ሊኖረው ይችላል። ከመቀባታቸው በፊት ልጆቹ መንገድ ወጥተው እውነተኛ አህያ ይመልከቱ፦ አፉና ሆዱ ነጣ ይላል፣ ብዙዎቹ ላይ በጀርባ የሚሄደው ጥቁር መስመር ትከሻ ላይ ከሚወርደው ጋር መስቀል ይሠራል። ያንን መስመር ልጁ ራሱ ይሥራው። እርድ ደስ የሚል ቢጫ ይሰጣል፣ ግን ፀሐይ ቶሎ ያነጣዋል። ቀለሙ ሥር ላይም ይዳረስ፤ ያልተቀባ የዱቄት ማጣበቂያ በረሮና አይጥ ይጠራል።

ጭራው የተጎነጎነ ቃጫ ነው። ለጭነት ሁለት ትንንሽ የጨርቅ ከረጢቶች ጭድ ሞልታችሁ በክር አገናኙና በጀርባው ላይ ጣሉ። አህያው ወደ አንድ ጎን ካዘነበለ እግሩን ከማጠፍ በፊት ጭነቱን መዝኑ፤ ብዙውን ጊዜ አንዱ ከረጢት ከብዶ ነው።