ሶሎዬ ከትዝታ ጋር እንዴት ታረቀ

ፒያሳ አካባቢ አንድ ምሽት ቤት አርብ አርብ ሊድ ጊታር እጫወታለሁ። ዘፋኙን ማጀብ አይከብደኝም። ሶሎ (ጊታሩ ብቻውን ጎልቶ የሚወጣበት ተራ) ሲደርሰኝ ግን ጉድ ይፈላል፤ በተለይ ትዝታ ማይነር በሚባለው ቅኝት ላይ። ጣቴ ይሮጣል፣ ሰው ወደ ቢራው ይመለሳል። አንድ ማታ ቤዚስታችን ጠጋ ብሎ «አንተ፣ የማንን አገር ዘፈን ነው የምትጫወተው?» አለኝ። ተናደድኩ። እውነቱን ነበር።

ቤት ገብቼ ቀረጻውን ሰማሁት። ከኤ ስንነሳ የትዝታ ማይነር ኖታዎች ኤ፣ ቢ፣ ሲ፣ ኢ እና ኤፍ ናቸው። ጣቴ የለመደው የብሉዝ ፔንታቶኒክ (ባለ አምስት ኖታ ስኬል) ግን ኤ፣ ሲ፣ ዲ፣ ኢ እና ጂ ነው። ሦስቱ ስለሚገናኙ ነው ሳልነቃ የቆየሁት። ዲና ጂ ቅኝቱን ይሰብሩታል፤ ቢና ኤፍ ከሌሉ ደግሞ ትዝታው ራሱ የለም።

ስለዚህ 5ኛው ፍሬት (የጊታሩን አንገት የሚከፋፍለው ዘንግ) ላይ ያለውን የድሮ ሰፈሬን ለቀቅኩ። አንደኛ ክር ፍሬት 12 እና 13፣ ሁለተኛ ክር 12 እና 13፣ ሦስተኛ ክር 14። አለቀ፤ አምስቱም እዚያው ናቸው።

ከዚያ ማሲንቆ ማዳመጥ ያዝኩ። ያለው አንድ ክር ነው፤ ግን ዘፋኙ ስንኝ ሲጨርስ ተቀብሎ ይመልስለታል። እኔም የመጨረሻውን ስንኝ በሆዴ እያዜምኩ በጊታር መመለስ ጀመርኩ። ትንፋሼ ሲያልቅ ጣቴም ይቆማል። (ዝምታው መጀመሪያ ያስፈራል። ድራመራችን የጠፋብኝ መስሎት አፍጥጦብኝ ነበር።) ድምፁን የሚያሻክረውን ዲስቶርሽንም ቀነስኩት።

ባለፈው አርብ ሶሎው መሃል ከኋላ ወንበር አንዲት ሴትዮ «እሰይ!» አሉ። ቤዚስቱ ምንም አላለም። ለሱ ይሄ ትልቅ ነገር ነው።