«አይ 5» ተብሎ የተገዛ ዴስክቶፕ ሲንቀራፈፍ፦ ችግርና መፍትሄ

አይ 5 ሆኖ ከአይ 3 ይዘገያል

የመመረቂያ ጽሑፍ ሰሞን ደብረ ብርሃን ውስጥ አንዱ ጽሕፈት ቤት ያለው አይ 5-2400 ኮምፒውተር ፋይል እስኪከፍት ደንበኛው ይቁነጠነጣል፤ ጎረቤት ያለው አይ 3-8100 አትሞ ይሸኛል።

መንስኤ፦ አይ 3፣ አይ 5 የሚባለው የኢንቴል ፕሮሰሰር (የኮምፒውተሩ አንጎል) በራሱ ጀነሬሽን (ትውልድ) ውስጥ ያለው ማዕረግ ብቻ ነው። ጀነሬሽኑን የሚናገረው ከሰረዙ በኋላ ያለው ቁጥር መጀመሪያ ነው፤ 2400 ሁለተኛ፣ 8100 ስምንተኛ፣ 10100 አሥረኛ። ኢንቴል የዴስክቶፕ አይ 3ን እስከ 7ኛው ጀነሬሽን በሁለት ኮር (ሥራውን የሚሠራው የፕሮሰሰሩ ክፍል) ይዞት ቆየ። እ.ኤ.አ. በ2017 ተፎካካሪው ኤኤምዲ ራይዘን የተባለ ፕሮሰሰር አወጣ፤ በዚያው ዓመት አይ 3-8100 አራት ኮር ይዞ መጣ። አራት ኮር እስከዚያ የአይ 5 ወንበር ነበር። በ2020 የወጣው አይ 3-10100 ደግሞ 4 ኮርና 8 ትሬድ (ባንዴ የሚያስኬደው የሥራ መስመር) አለው፤ የአይ 7-7700 ልክ ማለት ነው። ከአይ 3 በታች ባለው ማዕረግም ተመሳሳይ ነገር ታይቷል፦ 64 ዶላር የተተመነው ፔንቲየም ጂ 4560 እንደ 117 ዶላሩ አይ 3-7100 ሁሉ 2 ኮርና 4 ትሬድ ነበረው። የፍጥነት ልዩነቱ 3.5 እና 3.9 ጊጋኸርዝ ነው። ለዚያ እጥፍ ሊጠጋ የሚከፍል ሰው ስሙን ነው የገዛው ባይ ነኝ።

መፍትሄ፦ ሻጩን «ስንተኛ ጀነሬሽን ነው?» በሉት። ስቲከር ተላጥቶ ሌላ ላይ ይለጠፋል፤ ኮምፒውተሩን አስነሥታችሁ የዊንዶውስ ታስክ ማናጀር ውስጥ ፐርፎርማንስ የሚለውን ክፈቱ፣ ሙሉ ስሙ እዚያ አለ። እግረ መንገዳችሁን ዲስኩን እዩ፤ 100 ፐርሰንት ላይ ከተቸከለ ፕሮሰሰሩን ተዉትና ኤስኤስዲ (ፈጣን ማከማቻ) አስገቡ። ሸዋ ሮቢት ሙቀት ውስጥ ያላችሁ ደግሞ መጀመሪያ የፋኑን አቧራ አራግፉ፤ ፕሮሰሰር ሲግል ፍጥነቱን ራሱ ይቀንሳል።

አዲሱ ፕሮሰሰር ገጠመ፣ ግን አይነሣም

ከ6ኛ እስከ 9ኛ ጀነሬሽን ሶኬቱ (ፕሮሰሰሩ ማዘርቦርዱ ላይ የሚሰካበት) 1151 ነው፤ ኤች 110 ማዘርቦርድ ግን 8100ን አይቀበልም። 8ኛና 9ኛ የ300 ሲሪዝ ማዘርቦርድ ይፈልጋሉ። ቦርዱን መቀየር ካልፈለጋችሁ ያገለገለ አይ 5-7500 ፈልጉ፤ አሮጌውን ፕሮሰሰር ሳትነቅሉ ባዮሱን (ኮምፒውተሩን የሚያስነሣውን የቦርዱን ሶፍትዌር) አድሱ።

ይነሣል፣ ስክሪኑ ግን ጥቁር ነው

መጨረሻው ላይ «ኤፍ» ካለ፣ ለምሳሌ 10100ኤፍ፣ የውስጥ ግራፊክስ የለውም። ግራፊክስ ካርድ ጨምሩ፣ ወይም ኤፍ የሌለውን ግዙ።

ዊንዶውስ 11 አልጫንም ይላል

አይ 7-7700 ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 11 ከሚቀበላቸው ፕሮሰሰሮች ዝርዝር ውጭ ነው፤ ባለ 2 ኮሩ ሴሌሮን ጂ 4900 ግን 8ኛ ጀነሬሽን ስለሚቆጠር ገብቷል። ቦርዱ ላይ ቲፒኤም 2.0 (ዊንዶውስ 11 የሚጠይቀው የደኅንነት ክፍል) መከፈቱን ባዮስ ውስጥ አረጋግጡ።