ለዓይን ድርቀት ቤት ውስጥ ስንታከም የምንሠራቸው ስህተቶች

ዓይኑ የሚደርቅበት ሰው መጀመሪያ የሚሮጠው ወደ ጠብታ ነው። ጠብታዋ ለትንሽ ጊዜ ታስታግሳለች፤ ከዚያ ዓይኑ አሸዋ የገባበት ይመስል እንደገና መቆርቆር ይጀምራል። በአብዛኛው ሰው ላይ ችግሩ የእንባ ማነስ ብቻ አይደለም። እንባው ላይ ተነጥፎ ከመትነን የሚጠብቀው ስስ ዘይት ስለሚጎድል ነው። ዘይቱ ደግሞ የሚመነጨው ከዓይን ቆብ ነው። በቆቡ ጠርዝ፣ ከሽፋሽፍቱ ሥር ትንሽ ወደ ውስጥ ገባ ብሎ፣ በላይኛው ከ25 እስከ 40፣ በታችኛው ከ20 እስከ 30 የሚደርሱ የዕጢ ቀዳዳዎች ተደርድረዋል። ዕጢዎቹ በ1666 እ.ኤ.አ. በገለጻቸው ጀርመናዊ ሐኪም በሃይንሪሽ ማይቦም ስም የማይቦም ዕጢዎች ይባላሉ። ዓይናችንን ባርገበገብን ቁጥር ጥቂት ጥቂት ዘይት ይለቃሉ። ጤናማ ሲሆን ፈሳሽ ነው፤ ዕጢው ሲታወክ ግን ብርድ እንዳገኘው ቅቤ ይረጋና ቀዳዳውን ይደፍናል።

ስለዚህ ጠብታ ብቻ እየጨመሩ ቆቡን መርሳት የስህተቶቹ ሁሉ እናት ነው። የየዕለቱ ሥራ በቅደም ተከተል ማሞቅ፣ ማሸት፣ ማጽዳት፣ ከዚያ ጠብታ ነው። ሲነገር ቀላል ነው፤ የሚበላሸው አሠራሩ ላይ ነው።

«ዓይኔ ያነባል እንጂ መች ደረቀ?»

ሐኪም «ዓይንህ ደርቋል» ሲለው ብዙ ሰው የተሳሳተ መድኃኒት የታዘዘለት ይመስለዋል። ነፋስ ሲነካው፣ ቴሌቪዥን ሲያይ፣ ጠዋት ከቤት ሲወጣ እንባው የሚወርድበት ሰው እንዴት ደረቀ ይባላል? ነገሩ እንዲህ ነው፤ የዓይኑ ገጽ ሲደርቅ ይቆጠቁጣል፤ ሲቆጠቁጥ የእንባ ዕጢው በአንዴ ብዙ ውኃ ይለቃል። ያ ውኃ ዘይቱ ስለሚያንሰው ጉንጭ ላይ ይፈስሳል እንጂ ዓይኑ ላይ አይቆይም። «የሚያነባ ዓይን እርጥብ ነው» ብሎ እንክብካቤውን መተው ማንባቱን ያባብሰዋል።

ፎጣውን አንዴ ነክሮ ማስቀመጥ

በጣም የተለመደው ስህተት ይህ ይመስለኛል፤ «ሞክሬው ምንም አልረዳኝም» የሚለው ቅሬታም አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው ከዚህ ነው። የረጋው ዘይት እንዲቀልጥ ቆቡ ወደ 40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሚጠጋ ሙቀት ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ማግኘት አለበት። ሙቅ ውኃ ውስጥ የተነከረ ፎጣ ግን በሁለት ደቂቃ ገደማ ይቀዘቅዛል። ቀሪውን ጊዜ ዓይናችን ላይ ያለው እርጥብ ጨርቅ ብቻ ነው።

መፍትሔው ሁለት ትንንሽ ንጹሕ ፎጣዎችና አንድ ፔርሙስ ሙቅ ውኃ ነው። ውኃውን ጎድጓዳ ሳህን ውስጥ ከቀዝቃዛ ጋር አመጣጥነው አንዱን ይንከሩ፣ ይጭመቁ፣ በተጨፈኑ ዓይኖች ላይ ያድርጉ። እሱ ለብ ሲል ሌላውን ይተኩ። ማይክሮዌቭ ያለው ሰው ንጹሕ የጥጥ ካልሲ ውስጥ ጥሬ ሩዝ ጨምሮ ቢያሞቅ ሙቀቱ ረዘም ላለ ጊዜ ይቆይለታል፤ ለዚሁ ተብለው የተሠሩ የሚሞቁ የዓይን መሸፈኛዎችም ይሸጣሉ። የትኛውንም ቢጠቀሙ መጀመሪያ የእጅ አንጓዎ ውስጠኛ ክፍል ላይ ይሞክሩት። እዚያ ካቃጠለ ለዓይን አይሆንም።

ተቃራኒው ስህተትም አለ። የዓይን ቆብ ቆዳ ከሰውነታችን ቆዳ ሁሉ ስስ ነው፤ «ይበልጥ ሲሞቅ ይበልጥ ይረዳል» የሚለው አስተሳሰብ የሚያተርፈው ቃጠሎ ነው። ለጉንፋን እንደምንታጠነው የፈላ ውኃ ላይ ጎንበስ ብሎ በፎጣ ተሸፍኖ ዓይንን መታጠን አልመክርም። እንፋሎቱ ያቃጥላል፤ ባሕር ዛፍ ካለበት ደግሞ የታመመውን ዓይን ጭራሽ ይለበልበዋል። ፎጣውንም ዓይን ላይ አጥብቆ መጫን አያስፈልግም፤ ጫናው ለተወሰነ ጊዜ እይታን ሊያደበዝዝ ይችላል። ኮንታክት ሌንስ ያለው ሰው አስቀድሞ ያውጣ። ዋናው ችግሩ አለርጂ ሆኖ በጣም የሚያሳክከው ሰው ደግሞ ሙቀቱ ሊያባብስበት ይችላል፤ ለእሱ ቀዝቃዛው ይሻላል።

አሙቆ አለማሸት፣ ወይም አቅጣጫውን ማሳሳት

ሙቀቱ ዘይቱን ያቀልጠዋል፤ እንዲወጣ የሚያደርገው ግን ማሸቱ ነው። ደግሞም ወዲያው መሆን አለበት፤ ቡና አፍልቶ ተመልሶ አይሆንም። እጅ ይታጠባል፣ ጥፍር ያጠረ ይሁን። ለላይኛው ቆብ ወደ ታች እያዩ በጣት ሆድ ከላይ ወደ ሽፋሽፍቱ በቀስታ ይጎትታሉ፤ ለታችኛው ወደ ላይ እያዩ ከታች ወደ ሽፋሽፍቱ። የዕጢዎቹ አፍ ያለው ጠርዙ ላይ ስለሆነ አቅጣጫው ሁልጊዜ ወደዚያው ነው። ከዓይን ጥግ እስከ ጥግ ወደ ጎን መፈተግ ምንም አያወጣም።

በጉልበት የሚያደርጉትም አሉ። ዓይንን በእጅ መገጣጠሚያ አጥንት እያሹ «ማሳጅ ነው» ማለት አደገኛ ነው፤ ዝንባሌው ያለው ሰው ላይ ለዓመታት የዘለቀ ማሸት የዓይኑን የፊት መስተዋት እያሳሳ ወደ ፊት እንዲሾጥጥ ያደርገዋል። በቅርቡ የዓይን ቀዶ ሕክምና ያደረገ ወይም ግላኮማ (ብዙውን ጊዜ ከዓይን ግፊት ጋር የሚያያዝ፣ የእይታ ነርቭን የሚጎዳ ሕመም) ያለበት ሰው ከመጀመሩ በፊት ሐኪሙን ይጠይቅ።

ያገኙትን ሳሙና መጠቀም

የገላ ሳሙና የዓይኑን ዘይት ይዞት ይሄዳል። የሕፃናት ሻምፑ በውኃ አቅጥኖ መጠቀም ለረጅም ዓመታት የተሰጠ ምክር ነው፤ እሱም ቢሆን ደረቅ ዓይንን እንደሚያስቆጣ ስለታየ ዛሬ ብዙ ሐኪሞች ለቆብ ተብለው የተዘጋጁ ማጽጃዎችን ይመርጣሉ። እነዚህ ካልተገኙ ፈልቶ የቀዘቀዘ ንጹሕ ውኃና ጥጥ ብዙ ሥራ ይሠራሉ። ዓይን ተጨፍኖ የሽፋሽፍቱ ሥር በቀስታ ይጠረጋል፤ ቅርፊቱና ዓይናሩ የሚጠራቀሙት እዚያ ነው። ለአንዱ ዓይን የተጠቀሙበትን ጥጥ ለሌላው አይድገሙት፤ ፎጣም ከቤተሰብ ጋር አይጋሩ።

ኢንተርኔት ላይ የሻይ ዛፍ ዘይት የተባለው ብዙ ይወራለታል። ሽፋሽፍት ሥር የሚኖሩ ጥቃቅን ተባዮችን እንደሚያዳክም እውነት ነው፤ ሳይበረዝ ዓይን ውስጥ ከገባ ግን ያቃጥላል። ከጠርሙሱ በቀጥታ አይቀባም። ማር፣ የጡት ወተት፣ የቅጠል ጭማቂ ዓይን ውስጥ ማንጠብጠብም ጀርም ያስገባል፤ የዓይን መስተዋት ቁስል ላይ ተጨምሮ ዓይን ያጠፋል።

ኩሉን ከውስጥ መኳል

ኩልን እርግፍ አድርጋችሁ ተዉ ለማለት አይደለም። ግን ኩሉ የሚቀባበት የውስጠኛው ጠርዝ የዘይት ቀዳዳዎቹ ያሉበት ቦታ ነው። ማታ አሙቆና አሽቶ ጠዋት ቀዳዳውን በኩል መድፈን ድካሙን ከንቱ ያደርገዋል። መኳል ካልቀረ ከሽፋሽፍቱ ውጭ ይሁን፣ ከመተኛት በፊትም ይነሣ። በባህላዊ መንገድ የሚዘጋጁ አንዳንድ ኩሎች እርሳስ የተባለው መርዛማ ብረት ይገኝባቸዋል፤ ሕፃናትን መኳል በዚህ ምክንያት ብቻ እንኳ ቢቀር ይሻላል።

ጠብታ ሁሉ አንድ ይመስል

«የዓይን ጠብታ ስጠኝ» ብሎ መድኃኒት ቤት መግባት ዕጣ እንደማውጣት ነው። ዓይን የሚያረጥብ ሰው ሠራሽ እንባ፣ መቅላትን የሚያጠፋ፣ አንቲባዮቲክና ብግነት የሚያበርድ ስቴሮይድ ሁሉም ትንሽ ጠርሙስ ውስጥ ናቸው።

ቀይ ዓይንን በደቂቃ የሚያነጡት ጠብታዎች የደም ሥሮችን ነው የሚያጠብቡት፤ ድርቀቱን አይነኩትም፤ ኃይላቸው ሲያልቅ ዓይኑ ከበፊቱ ይበልጥ ይቀላል። ይህ ሲደጋገም ሰውየው ያለ ጠብታው መውጣት ያፍራል። እንደ ዴክሳሜታዞን ያሉ ስቴሮይዶች ግን የባሱ ናቸው፤ ምክንያቱም ደህና ያሻሽላሉ። ቁርቆራው ይጠፋል፣ መቅላቱ ይጠፋል፣ ሰውየው ጠርሙሱን ሲጨርስ ሌላ ይገዛል። በወራት ውስጥ የዓይን ግፊት ያለ ምንም ሕመም ከፍ ሊል፣ የዓይን ሞራም ሊመጣ ይችላል። በግላኮማ የጠፋ እይታ አይመለስም። ስቴሮይድ የሚታዘዝበት ጊዜ አለ፤ ያለ ሐኪም ክትትልና በጎረቤት ምክር ግን አይሆንም። ለትራኮማ የሚሰጠውን የቴትራሳይክሊን ቅባት ቤት አስቀምጦ ለዓይን ችግር ሁሉ መቀባትም ያው ስህተት ነው።

ሰው ሠራሽ እንባው ራሱ እንዳይበላሽ የሚጨመር ማቆያ ኬሚካል ካለው ቀኑን ሙሉ ደጋግሞ መጠቀም ዓይኑን ያስቆጣል። በቀን ከአራት ጊዜ በላይ የሚያስፈልገው ሰው ያለ ማቆያ ኬሚካል የተዘጋጀውን ቢጠይቅ ይሻለዋል። አንድ ጠብታ ይበቃል፤ ሌላ መድኃኒት ካለ አምስት ደቂቃ ይጠበቃል፤ የጠርሙሱ ጫፍ ሽፋሽፍቱን አይንካ። ንጽሕናው ቀልድ አይደለም። በ2023 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ በተበከለ ሰው ሠራሽ እንባ ምክንያት ዓይናቸው የጠፋ፣ የሞቱም ሰዎች ነበሩ።

ወደ ውስጥ የታጠፈን ሽፋሽፍት ድርቀት ማለት

ይህኛው በተለይ የአገራችንን ሰው ይመለከታል። ትራኮማ፣ በአነጋገራችን የዓይን ማዝ፣ በብዛት ከሚገኝባቸው የዓለም አገሮች ኢትዮጵያ ግንባር ቀደም ናት። በልጅነት ተደጋግሞ የያዘው ማዝ የቆቡን ውስጥ አጠባስሶ ከዓመታት በኋላ ሽፋሽፍቱን ወደ ውስጥ ይመልሰዋል። ስሜቱ ያው ቁርቆራ ነው። ገጠር ያሉ እናቶችና አያቶች በወረንጦ እየነቀሉ ይኖራሉ፤ ፀጉሩ አጥሮና ደንድኖ ተመልሶ ይወጋል። ለእነሱ ፎጣ ማሞቅ ጊዜ ማባከን ነው። የቆቡ ቀዶ ሕክምና አጭር ነው፤ በብዙ ጤና ጣቢያዎችም በሠለጠኑ ባለሙያዎች ይሠራል። እናትዎ «ዓይኔን ይቆረቁረኛል» ካሉ ጠብታ ከመላክዎ በፊት አንድ ሰው ሽፋሽፍታቸውን በባትሪ ብርሃን ቀርቦ ይይላቸው።

ሲሻል ማቆም

ቀን በቀን ሁለት ጊዜ ሲሠራ ለውጡ የሚታየው ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ነው። በሦስተኛው ቀን ተስፋ የሚቆርጥ አለ፤ ከወር በኋላ «ድኛለሁ» ብሎ የሚተውም አለ። ዕጢው ተመልሶ ይደፈናል። የተሻለው ሰው ወደ አንድ ጊዜ ዝቅ ማድረግ ይችላል እንጂ መተው አይችልም።

አካባቢውንም ማየት ነው። ስክሪን ላይ ስናፈጥ በደቂቃ አሥራ አምስት ጊዜ ያህል የሚርገበገበው ዓይን ከግማሽ በታች ይወርዳል፤ በየመሀሉ ሙሉ በሙሉ መጨፈን ያስፈልጋል። ባሕረ ሰላጤው አገሮች ያሉ ወገኖቻችን ሌሊቱን ሙሉ ፊታቸው ላይ የሚነፍሰውን ኤሲ አቅጣጫ ያዙሩት። እንጀራ የሚጋግሩ እናቶች የጭሱ መውጫ ይከፈትላቸው። አለርጂ ላይ የሚዋጡ አንዳንድ እንክብሎችና ለብጉር የሚሰጠው አይሶትሬቲኖይን ዓይን ያደርቃሉ፤ ሐኪም ጋ ሲሄዱ የሚወስዱትን መድኃኒት ሁሉ ይዘው ይሂዱ። አፍም አብሮ የሚደርቅ፣ መገጣጠሚያም የሚያም ከሆነ ሳይረሱ ይንገሩ፤ የሰውነት መከላከያ ራሱን ሰውነቱን የሚያጠቃበት ሕመም ሊሆን ይችላል።

እይታ ከቀነሰ፣ ብርሃን ማየት ካሳመመ፣ ኃይለኛ ሕመም ካለ ወይም አንዱ ዓይን ብቻ ቀልቶ ከቆየ ፎጣውን ትተው በዚያው ቀን ዓይን ሐኪም ጋ ይሂዱ።